ቡናን ተከትሎ፦ የአምስተርዳሙን ሆርተስ ቦታኒከስ እንዴት እንጎብኝ?

በአምስተርዳም፣ ፕላንታኸ በሚባለው ሰፈር፣ ከውኃ ቦይ ዳር አንድ የቆየ የዕፅዋት ግቢ አለ። የአዲስ አበባውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ዞሮ ለሚያውቅ ሰው ጠባብ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሄክታር ብዙም ስለማይበልጥ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሙሉ ስሙ ሆርተስ ቦታኒከስ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ሆርተስ ብቻ ይለዋል። የተቋቋመው በ1638 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእኛ ጫካ ወጥታ በየመን፣ በሕንድና በጃቫ የዞረችው ቡና ወደ አሜሪካ አህጉር ስትሻገር በዚህ ግቢ አልፋለች። ስለዚህ አምስተርዳም የደረሰ ኢትዮጵያዊ ሌላውን ሁሉ ቢተው ይህን እንዳይተው አጥብቄ እመክራለሁ።

ብዙ ጎብኚ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባው ጥቂት አረፍ ብሎ፣ ፎቶ አንሥቶ ለመውጣት ነው። በግቢው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉ። ሁሉን ልይ ያለ ሰው አንዱንም ሳያይ ይወጣል። የእኔ ምክር አንድ ተክል በልብዎ ይዘው እንዲገቡ ነው። ያ ተክል ቡና ይሁን፤ ሌላው በመንገድዎ ላይ ራሱ ይመጣልዎታል።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

ግቢው በተለመደው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ነው። በዚያ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከ10 እስከ 17 ማለት ነው፤ በዚህ ልዩነት ቀጠሮ የሚሳሳት ብዙ ሰው ስላለ ልብ ይበሉ። የበዓል ቀናትንና ለጥገና የተዘጋ ቤት መኖር አለመኖሩን ከመሄድዎ በፊት ከግቢው ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ከመስታወት ቤቶቹ አንዱ ተዘግቶ ከሆነ የጉብኝቱ ግማሽ ይጎድላል።

ክረምት ሲባል ለእኛ ዝናብና ለምለም መስክ ይታየናል። እዚያ ግን ክረምት ብርድና ጨለማ ነው፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ የውጪዎቹ መደቦችም ባዶ አፈር ይሆናሉ። ቡናዋን ብቻ ለማየት ከሆነ የምትኖረው በሞቀ ቤት ውስጥ ስለሆነ ወሩ ለውጥ የለውም። የመድኃኒት ቅጠሎቹንና ኩሬውን ጭምር ለማየት ግን ከግንቦት እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይሻላል። ከተቻለ በሥራ ቀን ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ይግቡ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይመድቡ።

ከኢትዮጵያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተነሥተው በስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ፣ የሸንገን ቪዛ ሳይኖርዎት ከማረፊያው ወጥተው ከተማ ለማየት አያስቡ። ቪዛ ላለው ሰው ከስኪፖል ወደ አምስተርዳም ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

2. ወደ ግቢው ይድረሱ

ከማዕከላዊው ጣቢያ በሜትሮ 51፣ 53 ወይም 54 ይሳፈሩና በሁለተኛው ፌርማታ፣ ዋተርሎፕላይን ላይ ይውረዱ። ትኬት መግዛት ግድ አይደለም። ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርድዎን ሲገቡም ሲወጡም ማሽኑ ላይ ያስነኩ። ሲወጡ ከረሱ ከተጓዙበት በላይ ይከፍላሉ። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ መግባት አይችሉም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል።

ከዋተርሎፕላይን እስከ ግቢው በር አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ነው። በ1675 የተመረቀው ትልቁ የፖርቱጋል አይሁዶች ምኩራብ ሲታይዎት ቀርበዋል ማለት ነው። ቀላ ያለው ንጣፍ የብስክሌት መንገድ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆመው ካርታ አይመልከቱ። ብስክሌተኛው ቀድሞ ደወል ያሰማል እንጂ አይቆምም።

3. በሩ ላይ ሁለት ነገር ያድርጉ

መጀመሪያ የግቢውን ካርታ ይያዙ። ቀጥሎ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው ቡናዋ ያለችበትን ቤት ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይቻላል፤ በሆላንድኛ «ዋር ስታት ደ ኮፊፕላንት?» ቢሉ ግን ፊቱ ይፈካል። ከኢትዮጵያ እንደመጡ ይጨምሩበት። እኔ ይህን ስል ትኬት ቆራጯ ከወንበሯ ተነሥታ በካርታዬ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምራልኛለች።

ግን ወደ ቡናዋ ወዲያው አይሂዱ።

4. ከመድኃኒት ቅጠሎቹ ይጀምሩ

ይህ ቦታ የተፈጠረው ለሽርሽር አልነበረም። በ1630ዎቹ አጋማሽ ቸነፈር አምስተርዳምን ክፉኛ መታት። በዚያ መከራ ውስጥ ማን ምን እየቀመመ እንደሚሸጥ የሚቆጣጠር ጠፍቶ ስለነበር በ1636 የሐኪሞች ጉባኤ ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ቅጠሉን ከቅጠል ለይተው የሚማሩበት ግቢ ተከፈተ። ስሙም ሆርተስ ሜዲከስ፣ የመድኃኒት አትክልት ቦታ ማለት ነበር። መርዘኛውን ቅጠል ከፈዋሹ ያልለየ ቀማሚ ሰው ይገድላል፤ ግቢው የነፍስ ጉዳይ ነበር። አሁን ወዳለበት ስፍራ የተዛወረው በ1682 ነው።

የግቢው ኃላፊ የነበረው ዮሃንስ ስኒፐንዳል በ1646 ያሉትን ተክሎች ቆጥሮ 796 ዓይነት መዝግቧል። በዚያ መዝገብ መሠረት የተተከለ፣ በስሙ የሚጠራ የአትክልት ክፍል ዛሬ በግቢው ውስጥ አለ። ለእኛ ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ መጀመሪያ የለም፤ የአውሮፓ የድሮ መድኃኒት ቤት ከእናቶቻችን ጓሮ ጋር ብዙ ዘመድ አለው። መለያ ሰሌዳው ላይ ሩታ የሚል ካዩ የጤና አዳም ወገን ነው። ፎኤኒኩሉም እንስላል ነው። አርቴሚስያ ከእነ አሪቲ ወገን ነው። ቲሙስ ደግሞ ከጦስኝ ጋር አንድ ወገን ነው።

ጤና አዳሙ ዘንድ ትንሽ ይቆዩ። የአውሮፓው ከእኛው ጋር አንድ ወገን ቢሆንም ዝርያው ይለያል፤ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፣ ሲጠጉት ግን ሽታው ያው የቤት ሽታ ነው። እኛ እንጨቱን በስኒ ቡና ውስጥ ነክረን እንጠጣዋለን፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቡናዋ እርምጃዎች ብቻ ርቃ በመስታወት ቤት ቆማለች። ቅጠሉን ግን አይቅጠፉ፣ በጣትዎም አይሹት። መቅጠፍ ክልክል ነው፤ ደግሞም ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ክፉኛ ያቃጥላል።

5. መለያ ሰሌዳውን ማንበብ ይልመዱ

እያንዳንዱ ተክል አጠገብ ትንሽ ሰሌዳ አለ። በላቲን ከተጻፉት ሁለት ቃላት የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ስም ነው። አንዳንዴ ከእነሱ በኋላ ስሙን ያወጣው ሰው በአህጽሮት ይጻፋል። «ኤል» የምትባለዋን አንዲት የላቲን ፊደል ነጥብ ተደርጎባት ካዩ ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። ሊኔየስ ከ1735 እስከ 1738 በኔዘርላንድ ኖሯል፤ የዚህ ግቢ ፕሮፌሰር የነበረው ዮሃንስ በርማንም በአምስተርዳም አስተናግዶታል። ሰሌዳው ላይ የትውልድ አገሩም ሊገኝ ስለሚችል ይፈልጉት።

ለመለማመጃ አንድ ስም ልስጥዎት፦ ኮሜሊና። ይህ ስም የተሰጠው ለዚሁ ግቢ ሰዎች ነው። ያን ኮሜሊን ግቢውን በአዲሱ ስፍራ ካቋቋሙት አንዱ ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ካስፓርም እንደ እሱ የዕፅዋት ሊቅ ሆኗል። ሊኔየስ ስሙን ሲያብራራ አበባዋ ሁለት የሚያምሩ ቅጠሎችና አንድ የማይታይ ቅጠል አላት፤ ሁለቱ እንደ ሁለቱ ታላላቅ ኮሜሊኖች፣ ሦስተኛው ምንም ሳይሠራ እንደሞተው ሦስተኛ ዘመዳቸው ነው ብሏል። ይህች የፈረንጅ ቤተሰብ ስም የተሸከመች ተክል እኛ ዘንድ የውሃ አንቁር ናት፤ ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የሚጥላት ባለ ሰማያዊ አበባዋ። አገር ቤት ሲመለሱ ጎንበስ ብለው አበባዋን ይዩ፤ ሦስተኛው ቅጠል ከታች በኩል ተደብቆ ያገኙታል።

6. ወደ መስታወት ቤቶቹ ሲገቡ

በአበባ እርሻዎቻችን ግሪን ሃውስ የምንላቸው ቤቶች እዚህ በየአየር ንብረቱ የተከፋፈሉ ናቸው። ካፖርትዎን ከመግባትዎ በፊት ያውልቁ። ውስጡ እንደ ጋምቤላ ይሞቃል፤ መነጽርዎና የካሜራዎ መስታወት ወዲያው በጉም ይሸፈናል። በጨርቅ መጥረግ አይረዳም። አምስት፣ አሥር ደቂቃ ከቆዩ ራሱ ይጠራል፤ ፎቶ ማንሣት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች ይዘው ከሆነ የቢራቢሮዎቹን ቤት በጣም ይወዱታል። ቢራቢሮ እንዳይነኩ፣ ሲወጡም ልብሳቸው ላይ ያረፈ እንዳለ እንዲያዩ ቀድመው ይንገሯቸው።

በ1912 የተሠራው የዘንባባ ቤት የራሱ ታሪክ አለው። የግቢው ዳይሬክተር ሁጎ ደ ፍሪስ በ1900 የሜንዴልን የውርስ ሕግ እንደገና ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ነበር። ኒው ዮርክ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊወስደው ሲጠራው፣ አምስተርዳሞች እንዳይሄድባቸው ይህን ቤትና አዲስ ቤተ ሙከራ ቃል ገቡለት። ቀረ። በዚያ ቤት ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የመጣ፣ ከ300 ዓመት በላይ እንደሆነው የሚነገርለት ሳይካድ አለ። ዘንባባ ይመስላል፣ ግን አይደለም። አበባ የሌለው፣ እንደ ጥድ ኮን የሚያወጣ ከዳይኖሰር ዘመን የቀረ ወገን ነው። እሱ ዘንድ ቆመው ሲያስቡት ከቡናዋ ጋር ባልንጀሮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም አፍሪካውያን፣ ሁለቱም በመርከብ የመጡ።

7. አሁን ወደ ቡናዋ

ቡና በሰሌዳው ላይ ኮፌአ አራቢካ ትባላለች። አራቢካ ያላት ሊኔየስ ነው፣ በ1753። አውሮፓውያን ያወቋት ከዐረብ አገር፣ ከየመን ወደቦች ስለነበር ስሟ እንደዚያ ቀረ። የትውልድ ቦታዋ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አገር ያንብቡ፤ ለልጆችዎም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

በማሳ ወይም በጓሮ ቡና ያደገ ሰው «ይቺን መቼ አጣኋት» ሊል ይችላል። እንደ አዲስ ይያት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ላያቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ጠርዛቸውም እንደ ውኃ ላይ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል። ሳይነኩ ጎንበስ ብለው የቅጠሉን ጀርባ ይመልከቱ፤ ትናንሾቹ ጅማቶች ከዋናው ጅማት በሚጋጠሙበት ስርቻ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጉድጓዶች አሉ። ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይጠለሉባቸዋል። ጊዜው ገጥሞ አበባ ላይ ከደረሱባት ሽታዋ የጃስሚን አበባ ሽታ ነው፤ በ1710ዎቹ ከዚህ ግቢ የሄደችውን ተክል ያጠናው ፈረንሳዊው አንትዋን ደ ዡስዩ የጃስሚን ወገን አድርጎ የመደባትም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ታሪኳን እዚያው ቆመው ያስቡት። የአምስተርዳም ከንቲባ የነበረው ኒኮላስ ዊትሰን፣ የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጃቫ ላይ ቡና እንዲያለማ ከገፋፉት አንዱ ነበር። በ1706 ከጃቫ አንዲት የቡና ተክል በመርከብ መጥታ እዚህ ግቢ ገባች። ውርጭ ስለሚገድላት በእሳት በሚሞቅ ቤት አኖሯት። አፈራችም። እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ቁልፍ፦ አራቢካ ቡና ያለ ጓደኛ በራሷ ጽጌ ብናኝ ፍሬ መያዝ ትችላለች። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዝርያ ቢሆን ኖሮ አንድ ዛፍ ብቻውን መካን ሆኖ ይቀር ነበር። አራቢካ ስለሆነች ግን አንዲቱ ዛፍ ለብዙ ችግኝ እናት ሆነች።

ከእነዚያ ችግኞች የተወሰኑት በ1710ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ሱሪናም ሄዱ። ከሱሪናም ወደ ፈረንሳይ ጉያና፣ ከዚያም በ1727 ወደ ብራዚል ተሻገሩ። በ1714 ደግሞ የአምስተርዳም ከንቲባዎች ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አንድ ተክል በስጦታ ላኩ። ያ ተክል ከገባበት ከፓሪሱ የዕፅዋት ግቢ የወጣ ችግኝ ነው በ1720ዎቹ የካሪቢያን ደሴት የሆነችው ማርቲኒክ የደረሰው። የወሰደው የባሕር ኃይል መኮንን ገብርኤል ደ ክልዩ ውኃ ሲያጥር የራሱን ድርሻ ለችግኟ ያካፍላት ነበር ተብሎ ይተረካል። የተረኩ ሌላ ፊት ግን መረሳት የለበትም፤ በሱሪናምም በማርቲኒክም ቡናውን የተከሉትና የለቀሙት ከአፍሪካ በሰንሰለት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። ዛፏም ሰዎቹም ከአንድ አህጉር ተነሥተው እዚያ ተገናኙ። እኔን ከቡናዋ ፊት ብዙ ያቆመኝ ይህ ነው።

ሁለተኛ ልብ የሚሉት ነገር አለ። ቲፒካ የሚባለው የዓለም ቡና ከእንዲህ ያሉ ጥቂት ዛፎች ስለተራባ ዘሩ በጣም ጠባብ ነው (ቡርቦን የተባለው ሌላው ዘር ከየመን በቀጥታ ወደ ሬዩኒየን ደሴት የሄደ ነው፤ እሱም የመጣው ከጥቂት ዛፎች ነው)። ወንድማማች ዛፎች በአንድ በሽታ አብረው ይወድቃሉ። በ1869 የቅጠል ዝገት በሽታ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ሲነሣ ቡናውን ጠራርጎ አገሪቱን ወደ ሻይ አዞራት። የአራቢካ ሰፊው የዘር ሀብት እስከ ዛሬ ያለው በእኛ ጫካዎች ነው። ከአምስተርዳም መስታወት ቤት ሆኖ ከፋን፣ ሸካንና ያዩን ማሰብ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ የምታዩዋት ዛፍ በ1706 የመጣችው ራሷ አይደለችም። ከአጠገቧ አራትና አምስት ሰው ቆም ሳይል ሲያልፍ ቢያዩ አይዘኑ። ከልጆችዎ ወይም ከሆላንዳዊ ጓደኛዎ ጋር ከሆኑ ቀይ እሸት፣ ጀንፈልና የተቆላ ቡና ምን እንደሚለያቸው ያስረዷቸው፤ ቅጠሉንም አፍልተን እንደምንጠጣ ይንገሯቸው። በዓለም ሁሉ ቡና የሚጠጣ ሕዝብ አለ፤ ይህን በቤቱ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

8. ከመውጣትዎ በፊት

በሞቃቱ ወራት ከሄዱ ወደ ኩሬው ጎራ ይበሉ። ቪክቶሪያ የምትባለዋ የደቡብ አሜሪካ የውኃ አበባ እንደ ምጣድ የሰፋ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ቅጠል ትዘረጋለች። አበባዋ ሲመሽ ነጭ ሆና ትፈነዳና በማግስቱ ምሽት ወደ ሮዝ ትለወጣለች። ጊዜ ከተረፈዎት የዘይት ዘንባባውንም ይጠይቁ፤ በ1848 ጃቫ ውስጥ በቦጎር ግቢ ከተተከሉት አራት የዘይት ዘንባባ ችግኞች ሁለቱ ከአምስተርዳም የሄዱ ናቸው። የእስያ የፓልም ዘይት እርሻ መነሻ እነዚያ ናቸው።

ዘርም ቅጠልም በኪስዎ ይዘው አይውጡ። በተለይ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱ ከሆነ አንድ የቡና ፍሬ እንኳ አይውሰዱ፤ በሽታ ወደ ትውልድ ጫካዋ የሚገባው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

በመጨረሻ በ1875 በተሠራው ኦራንዠሪ ውስጥ ካለው ካፌ ይቀመጡ። ቤቱ የተሠራው ብርቱካንና ሌሎች ብርድ የማይችሉ ተክሎችን በክረምት ለማሳደር ነበር። ቡና ይዘዙ፤ ፍሬው ከየት አገር እንደመጣም አስተናጋጁን ይጠይቁ። ከብራዚል ወይም ከኮሎምቢያ ከሆነ፣ የዛፉ ቅድመ አያት ከመስኮቱ ወዲያ ባለው ግቢ ያደገች ልትሆን ትችላለች።